ምንም አልነካሁም

አባቴ ደሴ ፒያሳ ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበር። ደንበኛ እቃውን ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «ከመቆሙ በፊት መጨረሻ ምን ነካችሁት?»

መልሱም ሁሌ አንድ ነው። «ኧረ ምንም አልነካነውም ጋሼ። ዝም ብሎ ነው የቆመው።»

አባቴ አይከራከርም። በካቻቪቴው ብሎኖቹን ይፈታና ክዳኑን ያነሳል። ውስጡ ሌላ ታሪክ ያወራል። ፊውዙ ቦታ ላይ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ ይገኛል። ባትሪ ድንጋዩ ተገልብጦ ገብቷል። አንዴ እንደውም ቴሌቪዥን ውስጥ የደረቀ ሻይ አገኘ፣ ስኳሩ ሳይቀር። ደንበኛው ከወጣ በኋላ ወደ እኔ ዞር ይልና «ብልሽቱን ለማግኘት አሥር ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ውሸቱ ነው» ይለኛል።

እኔ አሁን 28 ዓመቴ ነው። አምስት ኪሎ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ አሜሪካ መጥቼ ሶፍትዌር እየጻፍኩ እኖራለሁ። በእኔም ሥራ ያ ዓረፍተ ነገር አለ። ሲስተሙ ይወድቃል፣ ሁላችንም ስብሰባ ላይ እንጠራለን፣ ሁሉም በየተራ «እኔ ምንም አልቀየርኩም» ይላል። ከዚያ መዝገቡን ስንከፍት አንዱ የሆነ ነገር ቀይሮ ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው ሁሉም ነገር የወደቀው። እንዲህ ባጋጠመኝ ቁጥር አባቴን እያሰብኩ ለብቻዬ እስቃለሁ።

በ2017 ጥቅምት ግን ያንን ዓረፍተ ነገር እኔም ተናገርኩት። ለራሱ፣ ለአባቴ።

አባቴ ሊጠይቀኝ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጣው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ሻንጣውን ስንከፍት በርበሬው፣ ሽሮው፣ እናቴ የላከችው ጋቢ ወጣ። ጋቢው መሃል ደግሞ ሬዲዮው። ሶኒ ነው፣ በአራት ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ረጅም የሚመዘዝ አንቴና ያለው። ትምህርት ቤት ሳልገባ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«አባባ፣ እዚህ እኮ ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ» አልኩት።

«ስልኩን አንተ ስማበት» አለኝ።

በመጀመሪያው ቀን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ የአሜሪካ ድምፅን መፈለግ ጀመረ። የአማርኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1982 ከተከፈተ ጀምሮ የሚያዳምጠው ጣቢያ ነው። ዋሽንግተን ያለው መሥሪያ ቤቱ ከእኔ ቤት በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። አባቴም ደሴ ላይ በስንት ጭረትና በስንት ፉጨት መሃል ይሰማው የነበረውን ጣቢያ እዚህ ምንጩ ላይ ቁጭ ብዬ ጥርት አድርጌ እሰማዋለሁ ብሎ ነው የመጣው። ማስረዳት ያለብኝ እኔ ሆንኩ። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ሕግ ያ ጣቢያ ለአሜሪካ ሕዝብ እንዳይሰራጭ ይከለክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ሕጉ ቢላላም የአጭር ሞገድ አንቴናዎቹ ያኔም የሚያነጣጥሩት ወደ ውጭ፣ ወደ ሩቅ አገር ነበር።

አባቴ ትንሽ አሰበና «እናቲቱ ለጎረቤት ጋግራ ቤቷ እንጀራ የለም በለኛ» አለ።

ስለዚህ ሬዲዮ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አለበለዚያ በኋላ ያደረግኩት ነገር ምን ያህል እንደከበደኝ አይገባችሁም።

የመጀመሪያው በ2002 ነው፣ ከምርጫው በፊት። እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ እውላለሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰው ሬዲዮውን እያቀፈ ይጎርፍ ጀመር። «ማታ ማታ ይጮህብኛል፣ ተበላሽቷል።» አባቴ አንዱን ከፈተ፣ ምንም የለውም። ሁለተኛውን ከፈተ፣ ምንም የለውም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የራሱን ሶኒ ሲከፍት የአሜሪካ ድምፅ ቦታ ላይ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ድምፅ አለ። ከጎኑ ያሉት ጣቢያዎች ግን ደህና ይገባሉ። በማግስቱ ሬዲዮዎቹን ሁሉ ሳያስከፍል መለሰ። «ሬዲዮው ደህና ነው። የተነካው አየሩ ነው» ይላቸዋል። መጀመሪያ ላይ ማንም የነካው የለም ተባለ። ቆይቶ ግን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ራሳቸው ጣቢያውን ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር እያነጻጸሩ ማፈኑ ተገቢ እንደሆነ በአደባባይ ተናገሩ።

ሁለተኛው በ2014 ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እኔ እዚህ ነበርኩ። ስልክ ተቋረጠ፣ መብራት ጠፋ። ከተማዋ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ በዚያው ሁኔታ ቆየች። ለአምስት ሳምንት ያህል በየቀኑ ወደማይነሳ ስልክ እደውል ነበር። በኋላ እንደነገሩኝ አባቴ ሬዲዮውን እንዳይወሰድበት ጤፍ ከረጢት ውስጥ ቀብሮት ቀኑን ይውላል። ማታ ያወጣና ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀንሶ ጆሮው ላይ ለጥፎ ይሰማል። ስለ ገዛ ከተማቸው የሚሰሙት ወሬ ባሕር ተሻግሮ ነበር የሚመጣው። እናቴ «ባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅ እንጸልይ ነበር» ብላኛለች። ስትስቅ ነው የነገረችኝ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም።

እንግዲህ ይኼ ነው ሬዲዮው።

ጥቅምት ላይ የአንድ ሳምንት እረፍት ወሰድኩና አባቴን በካምፐሬ ይዤው ወጣሁ። ካምፐር የሚሉት መኪናም ቤትም የሆነ ነገር ነው፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ ትንሽ መጸዳጃ አለው። የእኔው አሮጌ ነው፣ ከአንድ ጡረተኛ በርካሽ የገዛሁት። አባቴ ዞሮ ካየው በኋላ ጎኑን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና «አሉሚኒየም ነው» አለ። ያኔ ለምን እንዳለ አልገባኝም።

የሄድነው ዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ውስጥ ነው፣ ከእኛ ከአራት ሰዓት በላይ ይነዳል። ቦታውን የመረጥኩት ለአባቴ ስል ነው። እዚያ ግሪን ባንክ የሚባል ቦታ አለ። 100 ሜትር በ110 ሜትር የሆነ ሳህን ያለው፣ በፈለጉት አቅጣጫ ከሚዞሩት ሁሉ በዓለም ትልቁ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ የቆመው እዚያ ነው። የሰማዩን ደካማ ሞገድ ጫጫታ እንዳይውጠው እ.ኤ.አ. በ1958 ዙሪያው 34,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሬዲዮ ጸጥታ ቀጣና ተብሎ ተከልሏል። በቀጣናው ውስጥ ቋሚ ማሰራጫ ለማቆም የቴሌስኮፑ ጉዳይ መታየት አለበት። ወደ ቴሌስኮፑ እየቀረባችሁ ስትሄዱ ዋይፋይ ይጠፋል፣ ስልክ ይሞታል። የቤንዚን መኪና ሻማ የሚፈጥረው ብልጭታ ስለሚረብሽ አጠገቡ የሚገባው በናፍጣ የሚሄድ መኪና ብቻ ነው።

አባቴ ይህን ስነግረው በአሜሪካ ቆይታው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ በራ። «ለመስማት ሲሉ አገር ሙሉ ዝም ያሰኙ ሰዎች!» አለ።

የመጀመሪያው ማታ ራታችንን በልተን ሬዲዮውን ከፈተ። ካምፐሩ ውስጥ ከሹክሹክታ በቀር ምንም የለም። «አላልኩህም? አሉሚኒየም ነው። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሬዲዮ እንደማይሰማው ማለት ነው» አለና ጋቢውን ደርቦ ወጣ። ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ አንቴናውን መዘዘ። ለካ በዙሪያው የሚረብሽ ነገር በሌለበት አገር አጭር ሞገድ ሌላ ነገር ነው። ሀቫና ከኩባ ጥርት ብሎ ገባ። ካናዳ ገባ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ከኮሎራዶ ቀንና ሌሊት ሰዓት ብቻ የሚናገረውን ጣቢያ አገኘ። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ፣ ከዚያ አንድ የወንድ ድምፅ በእንግሊዝኛ «ዜሮ ሰዓት፣ ዜሮ ደቂቃ» ይላል፣ የዓለሙ ሰዓት ማለት ነው። አባቴ ሦስት ደመረበት፣ ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር አዞረው። «ደሴ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እናትህ ተኝታለች» አለኝ። ሰዓቱንም አስተካከለ።

ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ የሚጠጋ ብርድ ነበረው። አባቴ 67 ዓመቱ ነው። ሲያስል ሰማሁት። ተኝቼ እያሰብኩ ሳለ ትዝ አለኝ፤ ካምፐሩ ጣሪያ ላይ እኮ የቴሌቪዥን አንቴና አለ። ክንፉን የዘረጋ የሌሊት ወፍ የመሰለ፣ ከውስጥ በእጀታ እያዞሩ የሚያነሱት። ከገዛሁት ጀምሮ አንድ ቀን ተጠቅሜበት አላውቅም። ሬዲዮውን ከእሱ ጋር ባገናኘው አባቴ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ይሰማ ነበር።

ኢንጂነር ነኝ አይደል?

በማግስቱ አባቴ ወደ ወንዙ ሊራመድ ሲወጣ ሥራ ጀመርኩ። ከጣሪያው የሚወርደው ኬብል ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ካለች ሶኬት ጋር ይገናኛል። ሶኬቷ ላይ ትንሽ ማብሪያና አረንጓዴ መብራት አለ። አባቴ የሚተኛው ግን ከኋላ ነው፣ ከሶኬቷ ይርቃል። ስለዚህ ሶኬቷን ከግድግዳው ፈትቼ ከጀርባዋ የሚገባውን ኬብል ነቀልኩ፣ መሃል ላይ አንድ ለሁለት የምትከፍል ስፕሊተር አስገባሁ። አንዱን ጫፍ ወደ ሶኬቷ መለስኩት፣ ሌላውን በረጅም ኬብል ወደ አልጋው ወሰድኩት። የኬብሉን ጫፍ ላጥኩ፣ የመሃሉን መዳብ በመቆንጠጫ ከሬዲዮው አንቴና ዘንግ ጋር አያያዝኩ፣ የዙሪያውን ጥልፍ ደግሞ ከሬዲዮው መሬት ጋር። ከዚያ አንቴናው በደንብ እንዲሠራ ብዬ ሶኬቷ ላይ ያለውን ማብሪያ ተጫንኩ።

አረንጓዴዋ መብራት በራች። ሬዲዮው ቀጭ አለ። ከዚያ ያ ሽታ መጣ።

በልጅነቴ ሱቅ ውስጥ ያደግኩበት ሽታ ነው፣ ማንም አያስረዳኝም። ማብሪያውን አጠፋሁ። ኬብሉን ነቀልኩ። ሬዲዮውን ስከፍተው መብራቱ ይበራል፣ ሹክሹክታው አለ፣ ጣቢያ ግን የለም። ከዳር እስከ ዳር አዞርኩት። አንድም የለም።

ምን እንደሆነ ለመረዳት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። የካምፐሩ አንቴና ራሱ ላይ ማጉያ አለው። ማጉያው ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ለዚህ ሌላ ሽቦ አልተዘረጋለትም፣ 12 ቮልት በዚያው ኬብል ከሶኬቷ ወደ ላይ ይላክለታል። አንዱ ኬብል ሁለት ሥራ አለው፤ ምልክቱን ያወርዳል፣ ኃይሉን ያወጣል። ሶኬቷ ከፊት በኩል ለቴሌቪዥን የምትሰጠው ቀዳዳ 12 ቮልቱን የሚያግድ ካፓሲተር ስላለው ምንም አይነካም። እኔ ግን የቀጠልኩት ከጀርባዋ ነው፣ ኃይሉ ከሚያልፍበት። የገዛኋት ስፕሊተር ደግሞ ኃይልን በሁሉም ጫፍ የምታሳልፍ ዓይነት ናት። የማይክሮ ቮልት ሹክሹክታ ለመስማት የተሠራ ሬዲዮ ላይ የካምፐሩን ባትሪ ለቀቅኩበት ማለት ነው። በቴስተር አንዴ ብለካ ኖሮ አሥር ሰከንድ ይበቃ ነበር። ቴስተሩ መሳቢያው ውስጥ ነበር።

አባቴ ከወንዙ ሲመለስ ሁሉም ነገር ቦታው ነበር። ሶኬቷ ግድግዳው ላይ፣ ስፕሊተሯ ኪሴ ውስጥ፣ ሬዲዮው ትራሱ አጠገብ። መስኮቱን ሁሉ ከፍቼዋለሁ።

ማታ ጋቢውን ደርቦ ወጣ። ከመስኮት አየዋለሁ። ሲያዞር፣ ሲያዞር፣ አንቴናውን ሲያስገባና ሲያወጣ። ባትሪ ድንጋዮቹን አውጥቶ በጋቢው ጫፍ ጠራርጎ መለሳቸው። ከብዙ ቆይታ በኋላ ገባ።

«ነካክተኸው ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ኧረ ምንም አልነካሁም።»

በአፌ ሲወጣ ሰማሁት። የቃሉ አወራረድ ሳይቀር የደንበኞቹ ነው። ከዚያም የባሰ ጨመርኩበት። «ዛሬ ወደ ቴሌስኮፑ ስለተጠጋን ይሆናል። ጸጥታ ቀጣና አይደል?»

ይህን የነገርኩት ዕድሜውን ሁሉ ሞገድ ሲያሳድድ ለኖረ ሰው ነው። ቀጣናው የሚገድበው መሬት ላይ ያለውን ማሰራጫ ነው። አጭር ሞገድ ግን የሚመጣው ከሰማይ፣ ከአዮኖስፌር ተንጸባርቆ ነው። ከኩባ የሚመጣ ሞገድ ዌስት ቨርጂኒያ ሲደርስ ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። አባቴ ይህን እኔ ሳልወለድ ያውቀዋል።

«እንዲህም ይከለከላል?» አለና ሬዲዮውን በጋቢው ጠቅልሎ ተኛ።

እኔ አልተኛሁም። ሌላ እገዛለታለሁ አልኩ በልቤ። አዲስ ሶኒ፣ ከዚያ የተሻለ፣ ሁለት ብፈልግ ሁለት መግዛት እችላለሁ። ሐሳቡ ሲመጣ ቀለል አለኝ፣ ከዚያ ደግሞ አፈርኩ። ያ ሬዲዮ ጤፍ ውስጥ ተቀብሮ ሲያድር እኔ አልነበርኩም። እነሱ ለባትሪ ድንጋይ ሲጸልዩ እኔ እዚህ ሙሉ ቻርጅ ባለው ስልክ እደውል ነበር። ያልነበርኩበትን ነገር በምን እገዛዋለሁ?

በሦስተኛው ቀን ግሪን ባንክ ሄድን። ሳህኑ ከሩቅ ሲታይ ተራራው ላይ የተረሳ ነጭ የሸክላ ስባሪ ይመስላል። ስትቀርቡት አንገታችሁ ይታመማል። አስጎብኚዋ የምትለውን እየተረጎምኩለት በናፍጣ አውቶቡስ ዞርን። አባቴን ከሁሉም በላይ የማረከው ቴሌስኮፑ አልነበረም። የምርምር ማዕከሉ ጫጫታ የሚያሳድድ መኪና አለው። አንቴና ተሸክሞ በየመንደሩ እየዞረ ሞገድ የሚረብሸው ከየት እንደሚመጣ ያጣራል። የተበላሸ የኤሌክትሪክ አጥርም ሊሆን ይችላል፣ የሰው ዋይፋይም ሊሆን ይችላል።

«እንደኔው ናቸው በለኛ» አለ። «ማን ነካው እያሉ የሚዞሩ።»

ከዚያ ከአውቶቡስ ወርደን አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልን። ፊቱን ወደ ሳህኑ እንዳደረገ «የኔም ሬዲዮ ዝም ያለው በዚህ ምክንያት ነው አይደል?» አለኝ።

«አይደለም አባባ» አልኩት። «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።»

ቀና ብዬ አላየሁትም። አጭር ዝምታ ነበር። ከዚያ የመጣው ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ምን ላይ ነው የቀጠልከው?» አለ።

ሁሉንም ነገርኩት። ኬብሉን፣ ማጉያውን፣ ስፕሊተሯን፣ 12 ቮልቱን። ለኮሌጅ መምህር እንደማስረዳ ነበር። እሱ መሃል መሃል ላይ ይጠይቃል። ሬዲዮው በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ? ስንት ሰከንድ? ጭስ ነበረው ወይስ ሽታ ብቻ?

«ሽታውን አወቅከው እንዴ?»

«የዚያኑ ዕለት ማታ። አንተ መስኮት ብትከፍትም ጋቢው ይዞት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ዘግተህ ባመጣኸው ነገር ላይ እንድጨቃጨቅህ ነው? እቃውን የነካው ሰው ራሱ ሲናገር ነው ብልሽቱ የሚገኘው። እኔ ብጠይቅህ ሌላ ውሸት ትጨምርልኝ ነበር።» ከዚያ ጭኔን መታ አደረገኝ። «ደግሞ ቮልት በዘንጉ ከገባ የሞተውን ገምቼዋለሁ። ና እንሂድ።»

ካምፐሩ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፎጣ አነጠፈ። መነጽሩን አደረገ። ብሎኖቹን በተፈቱበት ቅደም ተከተል ክብ አድርጎ ደረደራቸው፣ ልክ ደሴ እንደሚያደርገው። ክዳኑን ሲያነሳ ከድምፅ ማጉያው ሥር የሆነ ነገር ፎጣው ላይ ተበተነ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጤፍ ነው። አራት ወይም አምስት ፍሬ።

ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን።

«ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው» አለ፣ በጣቱ ጫፍ ሰብስቦ ፎጣው ጠርዝ ላይ እያደረገ። አልጣለውም።

አንቴናው ወደ ሬዲዮው ከሚገባበት አጠገብ የጠቆረች ትንሽ ክፍል በካቻቪቴው ጫፍ አሳየኝ። መከላከያ ዳዮድ ናት። መብረቅ ሲመታ ወይም ያልታሰበ ቮልት ሲመጣ ራሷን ወደ መሬት እያጋጨች የቀረውን ወረዳ እንድታድን የተቀመጠች። በቴስተሩ ለካት። ሙሉ በሙሉ ተቆራኝታለች፣ አንቴናው የሚያመጣውን ሁሉ ወደ መሬት እየደፋችው ነው። ሬዲዮው በሙሉ ደህና ነው፣ በሩ ላይ የሞተው ዘበኛ ነው መንገዱን የዘጋው። አባቴ የጥፍር መቁረጫዬን ተቀበለኝና ሁለቱንም እግሯን ቆርጦ አወጣት።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ከእንግዲህ ግን ጠባቂ የለውም፣ መብረቅ ሲኖር አንቴናውን ታስገባለህ። አገር ቤት ስገባ ሌላ እተካለታለሁ።»

ከፈትነው። ሀቫና ነበረች።

ከዚያ ትምህርት ሰጠኝ። የጣሪያው አንቴና ለቴሌቪዥንና ለኤፍ ኤም የተቆረጠ ነው፣ አጭር ሞገድ ከእሱ መጠበቁ ራሱ ስህተት ነበር። እኔ በሜጋኸርዝ ሳስብ እሱ የሚያስበው በሜትር ነው። 300ን ለሜጋኸርዝ ስታካፍሉ የሞገዱን ርዝመት ታገኛላችሁ። ለኤፍ ኤም ሦስት ሜትር ገደማ ነው፣ ግማሹ ጣሪያ ላይ ካለው ነገር ጋር ይቀራረባል። ለ49 ሜትር ባንድ ግን ግማሹ 25 ሜትር ሊሆን ነው። ማጉያውም ከቴሌቪዥን ሞገድ በታች ያለውን ማሳለፍ አልተማረም። «አምስት ዓመት ምን ተማርክ?» አለኝ። ቀመሩን ተምሬ ነበር። ጣሪያ ላይ ካለ ብረት ጋር ግን አያይዤው አላውቅም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ሠራን። ለኤፍ ኤም ኬብሉን ሶኬቷ ላይ ከፊት በኩል ሰካነው፣ ከመስካታችን በፊት በቴስተር ለክተን ዜሮ ቮልት መሆኑን አይተን። አሁን ማብሪያው ሲበራ የአካባቢው ማኅበረሰብ ጣቢያ፣ አሌጌኒ ማውንተን ሬዲዮ፣ ወለል ብሎ ገባ። አንዲት ሴት ስለ ጠፋ ውሻ ታነባለች። ተረጎምኩለት፣ ደስ አለው። ማብሪያውን ስናጠፋ ጣቢያው ጨርሶ ይጠፋል፤ ኃይል የሌለው ማጉያ መንገድ ሳይሆን ግድግዳ ነው የሚሆነው። ለአጭር ሞገድ ደግሞ አባቴ አንድ ተራ ሽቦ በመስኮቱ አውጥቶ እስከ ዛፉ ድረስ ዘረጋው። ጫፉን በድንጋይ አስሮ ቅርንጫፍ ላይ የወረወረው እሱ ነው፣ በአንድ ሙከራ። እኔ ሦስቴ ወርውሬ ስቼ ነበር።

ያን ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ሰማ። እኔ ደግሞ ወጥ ቤቱ ጋ ቁጭ ብዬ ሳህን እያጠብኩ እሱ ሲያዞር የሚያልፉትን ቋንቋዎች እሰማ ነበር። ሳልሰማው የኖርኩትን ነገር ጠየቅኩት። በዚያ አምስት ሳምንት ውስጥ ሬዲዮው ምን ይል ነበር? ነገረኝ። ረጅም ነው፣ የእሱና የእናቴ ነው፣ እዚህ አልጽፈውም። ሬዲዮውን ሳላቃጥለው ግን አልጠየቅኩትም ነበር፣ ይህን አውቃለሁ።

አባቴ ጥር ላይ ደሴ ተመለሰ። መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን ደወለልኝ፣ እዚያ ማታ ሦስት ሰዓት አልፏል። ሰላምታውን እንኳን በደንብ አልጨረሰም።

«የአሜሪካ ድምፅ የለም» አለኝ።

«ዳዮዷን ተክተህ ነበር?»

«ተክቻለሁ። ሬዲዮው ደህና ነው። ጀርመን ይገባል፣ ሌላውም ይገባል። እንደ 2002ቱ ቢሆን ይጮህ ነበር፣ ይኼ አይጮህም። ባዶ ነው። አንተ ምንጩ ላይ ነህና ጠይቅልኝ፤ ማን ነው የነካው?»

ነገርኩት። ፕሬዚዳንት ትራምፕ መጋቢት 5 ቀን አርብ ትዕዛዝ ፈርመው ነበር። በማግስቱ ከ1,000 በላይ የሚሆኑ የጣቢያው ሠራተኞች ሥራ እንዲያቆሙ ተደረገ፣ ስርጭቱም ጠፋ። እኔ ዜናውን ስልኬ ላይ አንብቤ፣ ወደ ሌላ ዜና አልፌ፣ ሥራዬን ቀጥዬ ነበር። ከአባቴ ሬዲዮ ጋር አላገናኘሁትም።

ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «እኛ ምንም አልነካንም አላሉም?» አለ።

«አላሉም። ነካን ነው ያሉት።»

«እሱስ ደግ ነው» አለ። «ቢያንስ ሰው ሬዲዮውን ተሸክሞ ጠጋኝ ቤት አይመላለስም።»

ስልኩን ሳይዘጋ ማዞር ጀመረ። በመስመሩ ውስጥ ፉጨቱ፣ ጭረቱ፣ የማላውቃቸው ቋንቋዎች ሲያልፉ ይሰሙኛል። ስብሰባ ነበረኝ፣ አምስት ደቂቃ ዘግይቻለሁ። አልዘጋሁትም።